ስኮርታውና የስኳር ሙሽራው

ሰዓት ሠሪው አጭር፣ ቀጭን፣ ንግግሩም እንደ ቁመቱ ቁጥብ የሆነ ሰው ነበር። ሰፈሩ «ሰከንድ» ይለዋል። ስሙን ያተረፈው «አንድ ደቂቃ ጠብቀኝ» ያለውን ሰው ሁሉ ልክ እስከ ስልሳ ቆጥሮ ጥሎት ስለሚሄድ ነው። ሱቁ ሦስት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ከወለል እስከ ጣሪያ ሰዓት ነው፤ ከእነዚያ ሁሉ አንዱ በአምስት ሰከንድ ወደ ኋላ ከቀረ የሰከንድ ምሳ በጉሮሮው አይወርድም።

ይህ ሰው ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብሎን በወረንጦ ሲያነሳ ያየ፣ «የመኪናውንም ብሎን እንዲሁ ያውቃል» ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ግን አያውቅም ነበር። ትንሿን መኪናውን ከአንድ የጥርስ ሐኪም ከገዛት አራት ዓመቱ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ መሪዋ አጠገብ ያለችውን ሰዓት ሰባት ጊዜ አስተካክሏል። ጎማዎቿን ግን አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ አላያቸውም።

ሳይነገረው ቀርቶ አይደለም። ከሱቁ ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰን ጎሚስታ አለ፤ ግዙፍ፣ እጁ እስከ ክርኑ በጎማ የጠቆረ ሰውዬ። ወሬ ከጀመረ አየር ለመሳብ እንኳ ስለማያቆም «ትንፋሽ» ይሉታል። ትንፋሽ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው የሰከንድን መኪና ዞር ዞር ብሎ ማየትና ራሱን መነቅነቅ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ የፊት ቀኝ ጎማህ ተቀምጣለች እኮ!»

«የቆመ መኪና ጎማው ይቀመጣል» ይላል ሰከንድ ከሰዓቱ ዓይኑን ሳያነሳ።

«መኪና ይቆማል እንጂ ጎማ አይቀመጥም! አየር ጎድሏታል። በዚያ ላይ በውስጥ በኩል ተበልታ አልቃለች፣ ጥርስ የሚባል አልቀረላትም።»

«የጥርስ ሐኪም መኪና አይደለች? ነቅሎላት ይሆናል።»

«ቀልድ! ስኮርታህንስ አይተኸው ታውቃለህ?»

«አለ።»

«መኖሩንማ ማን ጠየቀህ? አየር አለው ወይ? ለመኪናህ ልኳ ነው ወይ? አውጥተህ አይተኸዋል ወይ?»

«ለመጠባበቂያ የተቀመጠ ነገር አይነካካም» ይላል ሰከንድ፤ በዚህ ይዘጋዋል።

ትንፋሽም ወደ ሱቁ ሲመለስ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው!» ይላል። ይህ ንግግር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከቃሉ ቃል ሳይጎድል ይደገም ነበር።

መከራው ሊመክር የመጣው አንድ እሁድ ጠዋት ነው፤ ያመጣችውም የሰከንድ ታላቅ እህት ናት።

እትዬ ኬክ ሠሪ ናት። ለሰከንድ ሳይደርሰው የቀረው ሥጋና ድምፅ ሁሉ ቀድሞ ለእሷ ተሰጥቷል፤ ስታስነጥስ የምትሠራበት ዳቦ ቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል። የዚያን እሁድ ለአንድ ሰርግ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ልታደርስ ተዋውላ፣ ኬክ የሚያመላልስላት ሹፌር ጉንጩ አብጦ ቀረባት። በሦስት ሰዓት ለወንድሟ ደወለች።

«ሰከንዴ፣ መኪናህ ዛሬ ኬክ ትጭናለች።»

«እትዬ፣ መኪናዬኮ...»

«አንተም ተጠርተህ የለ? በዚያው ሙሉ ልብስህን ለብሰህ ና። በስድስት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ካልቆመ ስሜ ከዚህ ከተማ ይጠፋል።»

ስድስት ሰዓት የሚለውን ሲሰማ ሰከንድ ለበሰ። ቀጠሮ ነውና።

አጫጫኑ ራሱን የቻለ ጉድ ነበር። በመጀመሪያ እትዬ የኋላ ወንበር ላይ ገባች። ቀጥሎ የፊተኛው ወንበር መደገፊያ ወደ ፊት ታጠፈ። ከዚያ ሦስት ጋጋሪዎች ኬኩን ከነጣውላው ተሸክመው አመጡና የጣውላውን አንድ ጫፍ በታጠፈው ወንበር ላይ፣ ሌላውን በእትዬ ጭን ላይ አሳረፉት። የላይኛው ፎቅ ከመኪናው ጣሪያ የሚያንሰው በሁለት ጣት ብቻ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ከስኳር የተሠሩ ሙሽራና ሙሽሪት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቆመዋል። ከዚህ በኋላ እትዬ ከኬኩ ኋላ ጠፋች፤ ድምፅዋ ብቻ ቀረ። ኬኩ ሳይወርድ እሷ አትወርድም፤ ኬኩን ለማውረድ ደግሞ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። ከጋጋሪዎቹ አንዷ ከኬኩ ማስጌጫ የተረፈች ነጭ አበባ በሰከንድ ጥቁር ኮት ደረት ላይ ሰካችለትና «አማረብህ!» አለችው። መልካም አስባ ነው፤ የሚመጣውን በምን ታውቃለች።

አዳራሹ ያለው በአንድ ረጅም ዳገት ራስ ላይ ነው። ከዳገቱ ሥር የኳስ ሜዳ አለ፤ በመካከል መንገዱ ግራና ቀኝ ፀጉር ቤት፣ ፎቶ ቤት፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ተደርድሯል። ሰከንድ በአንደኛ ማርሽ እያዘገመ ፀጉር ቤቱ ፊት እንደደረሰ፣ ከፊት በቀኝ በኩል አንድ ረጅም የትካዜ ድምፅ ተሰማ። «ፍስስስስ...» ከዚያ «ጧ!» መኪናዋ እንደ ደከመች ግመል ወደ አንድ ጎኗ ተንበረከከች።

«ምንድን ነው?» አለ ኬኩ።

«ጎማ ነው፣ እትዬ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አምስት ከስምንት ደቂቃ... ከአሥራ አንድ ሰከንድ።»

«ታዲያ ምን ትቆጥርልኛለህ? ቀይር!»

እውነቱን ለመናገር ሰከንድ በሕይወቱ ጎማ ቀይሮ አያውቅም። የሰዓት ጥርስ የሚቀይር ሰው ጎማ ይከብደዋል ብሎም አላሰበም፤ ያው ክብ ነገር ነው፣ መጠኑ ይተልቃል እንጂ። የእጅ ፍሬኑን ሳብ አድርጎ ወረደና የኋላውን ኮፈን ከፈተ። ምንጣፉን ሲገልጥ ስኮርታው አለ፤ ጥቁር፣ ጥርሱ ያልተነካ፣ ድቡልቡል። ልቡ ሞላ። «ይኸው! ትንፋሽ የሚያወራውን ብቻ ነው የሚያውቀው» አለ በሆዱ። ከስኮርታው ሥር ክሪክና የጎማ መፍቻ አገኘ። ከእነሱም ጋር የጥርስ ሐኪሙ ረስቶት የሄደ፣ ከሠላሳ ሁለት ጥርሱ ጋር የሚስቅ አንድ ትልቅ የድንጋይ መንጋጋ ወጣ፤ የክሊኒኩ ማሳያ ነበር መሰለኝ።

«ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ! ባለቤቴ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው!» ብሎ ኬኩ ጮኸ።

ሰከንድ ግራ ቀኝ ቢያይ መንገዱ ሙልጭ ያለ አስፋልት ነው። ጠጠር እንኳ የለም። መንጋጋውን አንስቶ የኋላ ጎማ ሥር ወሸቀው። መንጋጋውም መኪናዋን ነክሶ ያዘ።

ስኮርታውን አውጥቶ ከመኪናዋ ጎን አቆመው። ክሪኩን አስገብቶ ማንሳት ጀመረ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር...

«ወደ ግራ! ወደ ግራ አዘነበለ!» አለች እትዬ። የውሃ ጠርሙስ ጣውላው ላይ አጋድማ በአረፋዋ ሚዛን እየለካች ነበር። «ሰከንዴ፣ ምን እያደረግህ ነው? ኬኩ ሊሰግድልኝ ነው!»

«ትንሽ ቻይ፣ እትዬ!»

ጎማው ከመሬት ሲነሳ መፍቻውን ብሎኑ ላይ ሰክቶ ገፋው። ጎማው አብሮት ዞረ። ደግሞ ገፋው። ደግሞ ዞረ። ከፀጉር ቤቱ በር ላይ ግማሽ ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ ደንበኛ ብቅ ብሎ «መጀመሪያ ብሎኑ ይላላል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው!» አለውና ተመልሶ ገባ። ሰከንድ አፈረ። መኪናዋን መልሶ አወረደ። ኬኩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እትዬ ግን አልተመለሰችም፤ ከወላጆቻቸው ጊዜ ጀምሮ ያለውን በደል ሁሉ እያነሳች ትወቅሰው ነበር።

ብሎኖቹ ደግሞ ከጥርስ ሐኪሙ ዘመን ጀምሮ ማንም ስላልነካቸው ተጣብቀው ዝገዋል። በእጅ እምቢ አሉ። ሰከንድ መፍቻው ላይ ቆመ። ክብደቱ ከነጫማው ሃምሳ ኪሎ ነው፤ መፍቻው መኖሩንም አላወቀለትም። ዘለለበት። አንደኛው ብሎን «ጯ!» ብሎ ለቀቀ። ደስ አለው። በሁለተኛው ላይ ሦስት ጊዜ ዘለለ፤ ለቀቀ። ሦስተኛው ላይ ወደ ኋላ ሄዶ ተንደርድሮ ወጣበት። መፍቻው ሾለከ፣ ትከሻው ከመኪናዋ ጋር ተላተመ፣ መኪናዋ ከላይ እስከ ታች ተርገፈገፈች።

በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር ሆነ። በውስጥ የስኳሩ ሙሽራ ከሙሽሪት ክንድ ተላቆ ከሦስተኛው ፎቅ ወደቀ። በውጭ ደግሞ ተደግፎ የቆመው ስኮርታ መጀመሪያ አሰብ አደረገ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዞረና መንገዱን ጀመረ።

«ሙሽራው ሄደ!» ብላ ጮኸች እትዬ፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ። «ሙሽራው አመለጠ! ያዙት! ኧረ በናታችሁ ያዙት!»

መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ያየው ነገር ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው በጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ደረቱ ላይ ነጭ አበባ ሰክቶ፣ ሴት የምትጮህበትን መኪና ትቶ እግሬ አውጪኝ ብሎ ቁልቁል ይበርራል።

ጥላ የያዙ አንዲት ሴትዮ «ወይኔ ልጄን!» ብለው ተከተሉት፤ ልጅቷን ባያውቋትም አንጀታቸው ተላውሷል። ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደያዘ ወጣ፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነው ደንበኛም ነጩን ጨርቅ በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ከኋላው። ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ መሮጥ ስለማይችሉ «በዚያ በኩል! በዚያ በኩል!» እያሉ ከዘራቸውን ይቀስራሉ። ስኮርታው ከፊት፣ ሰከንድ ከስኮርታው ኋላ፣ ሕዝቡ ከሰከንድ ኋላ። ሰከንድ የእግር ኮቴ ሲሰማ «ተባረኩ፣ ሊረዱኝ ነው» ብሎ አሰበ፤ ልቡም በረታ።

ከታች በሜዳው ላይ የፖስታ ቤትና የውሃ ክፍል ሠራተኞች ይጋጠሙ ነበር። ዘጠና ደቂቃ ሊሞላ ሁለት ሲቀረው ለፖስታ ቤት ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጥቷል። ግብ ጠባቂው፣ በሥራ ቀን የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ትከሻ ሰፊ ሰው፣ ጉልበቱን አጥፎ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። መቺው ሮጠ። መታ።

ግብ ጠባቂው ቀና ሲል ሁለት ኳስ መጣበት፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ጥቁሩ ይተልቃል። ሰው ሲደነግጥ ትልቁን ይፈራልና ወደ ጥቁሩ ተወረወረ፤ በሁለት ክንዱ አቅፎት፣ ሁለት ጊዜ ተገላብጦ፣ አቧራ ለብሶ ተነሳ።

«ያዝኩት!» አለ።

ነጩ ኳስ በሌላኛው ጥግ መረብ ውስጥ ተኝቷል።

ከዚያ የሆነውን ጩኸት መናገር ያስቸግራል። ፖስታ ቤቶች «ጎል!» ይላሉ። ውሃ ክፍሎች «የቱ ነው ጎል? አድኖታልኮ!» ይላሉ። ዳኛው ኪሱን እየዳበሰ ለጎማ የሚሰጥ ካርድ እንዳለ ያስባል። በዚህ መሐል ሰከንድ ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ ደረሰ፤ «ጎማዬ!» ሊል አፉን ሲከፍት የጥላ እጀታ ከኋላ አንገትጌውን ነክሶ አስቀረው።

«አንተ የማታፍር!» አሉት ሴትዮዋ። «የሰው ልጅ እዚያ ላይ አስለቅሰህ ወዴት ነው?»

«ጎማዬን ነው፣ እናቴ!»

«ጎማ ይሁን ጎመን ምን ገዶኝ! ቃል አልገባህላትም?»

«ለማን?»

«‹ለማን› ይለኛል እንዴ! ለሙሽራህ!»

«ኧረ እናቴ፣ እኔኮ ባለትዳር ነኝ! ካገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው!»

ሴትዮዋ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰማችሁ? ይባስ ብሎ ባለትዳር ነው!»

ሕዝቡ «ኧረ ጉድ!» አለ። ባለ አረፋው ደንበኛ ፊቱን በነጩ ጨርቅ ሸፈነ። ሰከንድ በሕይወቱ ይህን ያህል ቃል በአንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም።

«ተሳስታችኋል! ሙሽራው እኔ አይደለሁም፤ ሙሽራው የስኳር ነው!»

በዚህ ጊዜ ከዘራ የያዙት ሽማግሌ ገና መድረሳቸው ነበር፤ የሰሙትም የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። እጃቸውን በሰከንድ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«አይዞህ ልጄ፣ ለዚህ ነው እንዴ የሸሸኸው? እኔም ስኳር አለብኝ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ስኳር ያለበትም ያገባል፣ ይወልዳል።»

የሴትዮዋ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ጥላቸውን አወረዱ። «ውይ! ምነው ቀድመህ አትናገርም? ስኳር ካለብህስ መሮጥህም ደግ ነው፤ ሐኪሞችም ያዛሉ።»

ነገሩን የፈታው ዳኛው ነው፤ ሥራው ነውና። ሁሉንም ዝም አሰኝቶ ሰከንድን ከመጀመሪያው አስተረከው። ኬኩ ሲጠቀስ ሕዝቡ ተንፈስ አለ፤ የስኳሩ ሙሽራ ሲጠቀስ ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ በስድስት ሰዓት መድረስ አለበት ሲባል ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ ሰከንድ የእጅ ሰዓት ተንጠራሩ። አምስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ደቂቃ ነበር።

«በሕጉ መሠረት የውጭ ነገር ሜዳ ሲገባ ጨዋታው ይቆማል» አለ ዳኛው። «ምቱም ይደገማል። ግን በዚህ ሰውዬ ጭንቀት ላይ ኳስ መምታት ደግ አይደለም። መጀመሪያ ጎማው ይታሰርለት።»

ግብ ጠባቂው ስኮርታውን ለማንም አልሰጥም ብሎ ራሱ በትከሻው ተሸከመው። ሃያ ሁለት ተጫዋች፣ ዳኛ፣ ሴትዮዋ፣ ፀጉር አስተካካዩና ደንበኛው ዳገቱን ተያያዙት።

እትዬ ከኬኩ በታች ባለችው ክፍተት በኩል ያየችው መጀመሪያ እግር ብቻ ነው። አራት፣ ስምንት፣ ሃያ፣ ሁሉም ካልሲያቸውን እስከ ጉልበት የሳቡ።

«ሰከንዴ? ከማን ጋር ነው የመጣኸው?»

«ከፖስታ ቤትና ከውሃ ክፍል ጋር፣ እትዬ።»

«አንድ ጎማ ለመቀየር?»

ስድስት ተጫዋቾች ኬኩን ከነጣውላው እንደ ጨቅላ ሕፃን ቀስ አድርገው አወጡ። የስኳሩ ሙሽራ ሲወድቅ እትዬ በአገጯና በደረቷ መካከል ይዛ አትርፋዋለች፤ ራሱ ግን ተቀንጥሶ ደረት ኪሷ ገብቷል። እሷ ስትወርድ እግሮቿ ደንዝዘው እምቢ አሏትና መኪናውን ተደግፋ ቆመች።

አሁን እጅ በዛ፤ አንዱ ብሎን ፈታ፣ አንዱ በክሪክ አነሳ፣ አንዱ የተቀደደውን ጎማ ነቀለ። ግብ ጠባቂው ስኮርታውን አምጥቶ ሊሰካ ሲል ቆመ። መልሶ አየ። በጣቱ ቆጠረ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ቀዳዳው አምስት ነው።»

«እሺ?» አለ ሰከንድ።

«የመኪናህ ብሎን ደግሞ አራት ነው።»

ጎማውን ወደ ግራ አዞሩት፣ ወደ ቀኝ አዞሩት፣ ገልብጠውም ሞከሩት። ከፖስታ ቤቶቹ አንዱ «አራቱን አስገብተን አምስተኛውን ብንተወውስ?» ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ግን አንዱ ቀዳዳ ሲገጥም ሌሎቹ አይገጥሙም። የጥርስ ሐኪሙ ከየት እንዳመጣው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። የሌላ መኪና ጎማ ነው፤ ለዚህም ነው አንድ ቀን እንኳ ሳይታሽ ጥርሱ አምሮ የኖረው።

ሰከንድ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። አራት ዓመት ሙሉ «አለ» ሲል የኖረው ስኮርታ ፊቱ ላይ ተጋድሟል። የሰው ሰዓት በግማሽ ሰከንድ ስትስት የሚያመው ሰው፣ አራትና አምስትን ሳይለይ መኖሩ አንገበገበው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እትዬ ይህን ስታይ ቁጣዋ እንደ ጎማው ተነፈሰ። ትንሽ ሆኖ አዝላው ታውቃለች፤ ሲያለቅስ አይሆንላትም።

«ተነስ» አለችው። «መኪናዋ ናት ጎማ የምትፈልገው፤ ኬኩ እግር ይበቃዋል። ልጆች፣ ካነሳችሁት አይቀር ወደ ላይ!»

እንዲህ ሆኖ ወጡ። ከፊት ዳኛው ፊሽካ እየነፋ መኪና ያስቆማል። ከኋላው ስድስት ሰው ኬኩን ተሸክሞ፣ ሌላ ስድስት ለቅያሪ ይጠብቃል። ሴትዮዋ ጥላቸውን ዘርግተው ክሬሙ በፀሐይ እንዳይቀልጥ ከላይ ይዘውለታል። እትዬን ግብ ጠባቂው አዘላት። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄደ «በናታችሁ፣ በኬኩ እንቀያየር?» ብሎ ጓደኞቹን ለመነ፤ ማንም አልሰማውም። ሰከንድ ደግሞ ከደረት ኪሱ ወረንጦውን አወጣ። ከኬኩ ሥር በትንሹ ክሬም ጠቅ አድርጎ፣ እየተራመደ፣ እስትንፋሱን ይዞ የሙሽራውን ራስ ከአንገቱ አገጣጠመና ከሙሽሪት ጎን መልሶ አቆመው። ያን የመሰለ ሥራ በወንበር ተቀምጦም የሚሠራ የለም። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ ቸኩሎ ስለነበር ፊቱን ወደ ኋላ አደረገው። ሲያስተውለው ክሬሙ ደርቋል።

ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ኬኩ አዳራሹ ውስጥ ቆመ። የሙሽሪት እናት ላብ በላብ የሆነውን ጭፍራ ሲያዩ «ከነማጀቢያው ነው እንዴ ያዘዝነው?» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው ሲመለከቱ ግንባራቸው ተኮማተረ።

«ሙሽራው ለምንድን ነው ወደ ኋላ የሚያየው?»

ሰከንድ ከተሸካሚዎቹ ኋላ ተሸሸገ። እትዬ ግን ዓይኗን አላሸችም። «የላጤነት ኑሮውን ሲሰናበት ነው፣ እመቤቴ። የዘመኑ አሠራር ይሄ ነው።»

«አይ ጥበብ!» አሉ እናትየዋ፤ ወስደውም ለእንግዳው ሁሉ አስረዱ። ተጫዋቾቹም «የደከመ አይመለስም» ተብለው ገበታ ቀረቡ። ያ ፍጹም ቅጣት ምት የተደገመው በዘጠኝ ሰዓት ነው አሉ፤ መቺው ሦስት ቁራሽ ኬክ በልቶ ስለነበር ኳሷ እያዘገመች ሄዳ ግብ ጠባቂው እግር ሥር ቆመች። ግብ ጠባቂውም ጎንበስ ማለት አቅቶት በእግሩ ከለላት። አቻ ወጡ።

ትንፋሽ ደርሶ መኪናዋን ያገኛት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰከንድ ስልክ ደውሎ «ና» ከማለት በቀር ምንም አልነገረውም። መጣ። የተቀደደውን ጎማ አየ። ባለ አምስት ቀዳዳውን ስኮርታ አየ። የኋላውን ጎማ ነክሶ የሚስቀውን መንጋጋ አየ። አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣም። ትንፋሽ ትንፋሽ አጠረው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያች ዝምታ ነው፤ ሰከንድ ሲለካት አርባ አንድ ሰከንድ ቆየች።

ሲመለስለት ግን የአራት ዓመቱን በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ገና ሲጠራ ገምቶ ይዞ የመጣውን ባለ አራት ቀዳዳ ጎማ እየገጠመ ተናገረ። «መጀመሪያ ብሎን ማላላት! ከዚያ ማንሳት! ስኮርታ ደግሞ ይተኛል እንጂ አይቆምም፤ ከመኪናው ሥር ታጋድመዋለህ፣ ክሪኩ ቢንሸራተትም ይደግፍሃል! ብሎን ስታስር በትይዩ ነው፣ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ! አየር በወር አንዴ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ! ስኮርታውንም ጭምር! የፊቱን ከኋላ እያቀያየርህ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባንድ ጎን ባልተበላ! ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ» አለ ሰከንድ። ሲናገር አንገቱን ደፍቶ፣ በሰዓት ማስተካከያ ደብተሩ ላይ ከቃል ቃል ሳይጥል እየጻፈ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። ከሰዓቶቹ መካከል የአየር መለኪያ ሰቀለ። በየወሩ መጀመሪያ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጎማዎቹ ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ፣ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ከጎማ ጥርስ መሐል ጠጠር በወረንጦ ይለቅማል። የራሱን ሲጨርስ የጎረቤት ይጀምራል። ትንፋሽም አንድ ቀን ከሱቁ ሲወጣ የገዛ መኪናው ሥር የተንበረከከ ሰው አግኝቶ ሊጮህ ነበር፤ ሰከንድ ቀና ብሎ «የኋላ ግራው ጎድሎታል፤ አንተ ሰው ትመክራለህ» አለው።

ይባስ ብሎ ልምምድ አመጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በግቢው ውስጥ ቤተሰቡን ሰብስቦ ጎማ ማስቀየር ጀመረ። ሚስቱ ሁለት ቅዳሜ ታግሣ በሦስተኛው «ወይ እኔን ወይ ክሪኩን» ስላለችው እሷን ተዋት። እሱ ራሱ ከብዙ ድካም በኋላ በአሥራ አራት ደቂቃ መቀየር ቻለ፤ በዚህም ኩራቱ ጣሪያ ነካ።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ልትጠይቃቸው መጣች። ትንሽ ቆማ አየችውና እጅጌዋን ሰበሰበች። «እስቲ ዞር በል» አለችው። መፍቻውን ሰክታ አንዴ ብቻ ተደገፈችበት፤ ብሎኑ ሳይጠየቅ ተፈታ። አራቱንም እንደ ብስኩት ቆራረጠቻቸው። በክሪክ አነሳች፣ አወጣች፣ አስገባች፣ በትይዩ አሰረች፣ አወረደች፤ እጇንም በቀሚሷ ጠረገች።

«ስንት ፈጀብኝ?»

ሰከንድ የእጅ ሰዓቱን አየ። ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሰከንድ ይላል። ወደ ጆሮው አስጠጋው። አንቀጠቀጠው። ደግሞ አየው።

«ይሄ ሰዓት ይዘገያል» አለ፤ አውልቆም ኪሱ ከተተው።